የጎን ባልደረባ ሐቅ



ከዓለም ከተማ ወደ ለሚ የተሻገረ ሰው የጀማን ሸለቆ ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል፣ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሱረቱል ሐጅ 22፡27ን ስቀራ ይህ ሸለቆ ይታየኛል። እዚያ አላህ (ሱ.ወ.) ሰዎች ከየጥልቁ መንገድ በእግራቸውና በከሱ ግመሎች ለሐጅ እንደሚመጡ ይነግረናል። አውሮፕላን ሳይመጣ አባቶቻችንም ደጋውን በእግርና በበቅሎ ወርደው፣ ከምጽዋ በመርከብ ወደ ጂዳ ይሻገሩ ነበር።

በእንዲህ ያለ መንገድ ጓደኛ አይመረጥም። መንገድ ያገናኘህ ሰው ጓደኛህ ይሆናል።

ኢብን ባጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 ከሞሮኮዋ ታንጅር ለሐጅ ብቻውን ሲወጣ ዕድሜው 21 ነበር። ቱኒስ ሲደርሱ የከተማው ሰው አብረውት የመጡትን ወጥቶ ተቀበለ። እሱን ግን የሚያውቀው ስላልነበረ ማንም ሰላም አላለውም፤ አለቀሰ። ከሐጅ ተጓዦቹ አንዱ ይህን አይቶ ቀረበና ሰላምታ ሰጠው፤ እያጫወተም ከተማ አስገባው። ኢብን ባጡጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የጉዞውን ታሪክ ሲያስጽፍ ያችን ሰላምታ አልረሳትም።

ሱረቱ አን-ኒሳእ 4፡36 በጎ እንድንውልላቸው ከታዘዝንላቸው መካከል «አስ-ሷሒቡ ቢል-ጀንብ»ን ይጠራል፤ የጎን ባልደረባ ማለት ነው። ብዙ ሙፈሲሮች የጉዞ ጓደኛ ነው ብለዋል። አስተውሉ፤ አንቀጹ «ሙስሊም ከሆነ» የሚል ገደብ አላስቀመጠም።

ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ትርፍ መጓጓዣም ሆነ ትርፍ ስንቅ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ አዘዋል። ሐዲሡን ሙስሊም ዘግበውታል። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) እንደሚያወሩት፣ ሶሓባዎቹ ከተረፋቸው ነገር አንዱም የእነሱ እንዳልሆነ እስኪመስላቸው ድረስ ነበር የዘረዘሩላቸው።

እኔ ግን ይህን አውቄ ያጠፋሁበት ቀን አለ። ተማሪ ሳለሁ የተሳፈርንበት መኪና ሸለቆው ውስጥ ተበላሽቶ ዳገቱን በእግር ወጣን። ቦርሳዬ ውስጥ ውኃ ነበረኝ። ከጎኔ ለንግሥ የሚሄዱ አንዲት ክርስቲያን እናት በምርኩዝ ያዘግሙ ነበር። ውኃ እንዳይጠይቁኝ ብዬ ፈጠን አልኩ። አናቱ ላይ አረፍ ብዬ ሳለ ደረሱብኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው፣ «እንካ ልጄ፣ ደክሞሃል» አሉኝ።

አንቀጹን መድረሳ ውስጥ በቃሌ ይዤው ነበር። የሠሩበት ግን እሳቸው ሆኑ። ያን ጊዜ ነው ውኃውን አፍሬ ያወጣሁት።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ በሚቀጥለው ጉዞህ ኢርፎን ጆሮህ ላይ ከመሰካትህ በፊት ከጎንህ የተቀመጠውን ሰው ሰላም በለው። ውኃህን አካፍለው፣ ዕቃውን ያዝለት። ሳይጠይቅህ ቅደመው። በመጨረሻው ቀን ስለ ሐቁ የሚጠይቅህ ስሙን እንኳ ያልጠየቅከው ሰው ሊሆን ይችላል።

አላህ የመንገድ ጓደኞቻችንን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን፤ ላጎደልነውም ይማረን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!