የዝናም መዝገብን በትእዛዝ መስመር ስለ ማውረድ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሠራ በፊት በአየር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ሰውና ዕቃ የሚያርፈው በልደታ ሜዳ ነበር፤ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይገለገል የነበረው በዚሁ ሜዳ ነው። ዛሬ በልደታ ክፍለ ከተማ ያለ ጸሓፊም ሆነ በሩቅ ወረዳ የተሾመ የእርሻ ኃላፊ የሚሻውን መዝገብ የሚቀበለው በ1989 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ በገባው ኢንተርኔት ነው። ጭነቱ በመንገድ ቢቀር ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ግን ያው የጥንቱ ነው።

ለእርሻ ሥራ እጅግ ከሚጠቅሙት መዝገቦች አንዱ ቺርፕስ የተባለው የዝናም መዝገብ ነው። ይኸውም በሳንታ ባርባራ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የሚዘጋጅ ሲሆን፥ ሳተላይት ያየውን በምድር ካለው የዝናም መለኪያ ጋር አስተባብሮ ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ የዘነመውን በየ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳያል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ክረምቱ በወረዳው በየትኞቹ ዓመታት ዘግይቶ እንደ ገባ ከዚህ የተረዳ ሹም፥ ዘርና ማዳበሪያ መቼ መድረስ እንዳለበት በግምት አይናገርም።

ነገር ግን መዝገቡን በተለመደው ማሰሻ የሚያወርድ ሰው፥ መብራት ወይም መስመር ሲቋረጥ ድካሙ ብዙ ጊዜ ከንቱ ይቀራል፤ ከመጀመሪያው ሲጀምርም ለዳታ የከፈለውን ገንዘብ ሁለተኛ ይከፍላል። ከአሥር አጋሰስ አንዱ በወንዝ ማዶ ቢቀር፥ ነጋዴ ዘጠኙን ወደ ተነሡበት ገበያ መልሶ አይነዳም፤ የቀረውን ብቻ ያስመጣል።

እንዲህ የሚያደርግ መሣሪያ ከርል ይባላል። ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ በ1990 ዓ.ም. በዚህ ስም ያወጣው ሲሆን፥ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚገዛ ነገር የለም። ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለው ጥቁር መስኮት ይከፈትና ሲ፥ ዩ፥ አር፥ ኤል በሚሉት የላቲን ፊደላት ስሙ ይጻፋል። ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁ ሲ ተያይዘው፤ ከዚያ ብቻዋን የቆመች ሰረዝ፤ ከዚያ ሰረዝና ትልቁ ኦ ተያይዘው (ብዙዎች በስሕተት ዜሮ ይጽፋሉ)፤ በመጨረሻ የፋይሉ ሙሉ አድራሻ ይከተላል። በየመካከሉ አንድ ክፍት ቦታ ይተዋል። ብቻዋን የቆመችው ሰረዝ፥ እስካሁን የደረሰውን መጠን ራሱ መሣሪያው ለክቶ ከዚያ እንዲቀጥል ታዝዘዋለች። መስመሩ ቢቋረጥ፥ በዚያው ማኅደር ያንኑ ትእዛዝ መድገም ይበቃል። ላኪው ኮምፒዩተር ቀሪውን ለይቶ መስጠት የማይችል እንደ ሆነ፥ ከርል መቀጠል አልተቻለም ብሎ ይመልሳል።

እጅግ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። የመዝገቡ ባለቤት በመካከል ፋይሉን በአዲስ የተካው እንደ ሆነ፥ የአሮጌው ግማሽና የአዲሱ ግማሽ ይጋጠማሉ፤ መጠኑ ሙሉ ስለሚመስል ጉድለቱ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ብዙ ቀን የቆየውን ቁራጭ መሰረዝ ይሻላል። ባለቤቱ ሻ 256 የተባለውን ባለ 64 ፊደል ምልክት አውጥቶ እንደ ሆነ፥ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የወረደውን ፋይል ምልክት ያሰላል፤ ሁለቱ በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለያዩ፥ ያ መዝገብ ስለ ዘር ጊዜ ለገበሬው ምክር ሳይሰጥበት ተሰርዞ እንደገና ይውረድ።