የያዘውን የማይለቅ ፍሬን

ፍሬን ሲባል ብዙዎቻችን የምንፈራው አለመያዙን ነው። ፍሬን ግን ሁለት ሥራ አለው፤ ሲጨብጡት መያዝ፣ ሲለቁት ደግሞ መልቀቅ። ሁለተኛውን የረሳ ፍሬንም ሰው ይጎዳል። በአሮጌ ሞተር ሳይክል የፊት ጎማ ላይ ሲሆን፣ እየሄዱ ሳለ ዲስኩ እየጋለ፣ ጎማው ቀስ በቀስ እየተያዘ ሄዶ በመጨረሻ ቀጥ ሊል ይችላል። የፊት ጎማ ቀጥ ሲል ነጂው ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም።

ለምሳሌ የመረጥኩት ሆንዳ ሲቢ 750ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው ይህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር፣ በብዛት ከተመረቱት መካከል በሃይድሮሊክ የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ በመውጣት ፈር ቀዳጅ ነው። ዛሬም እያደሱ የሚነዱት አፍቃሪዎች አሉት። ዕድሜው ግን ሃምሳን አልፏልና ፍሬኑ "አልለቅም" ቢል አይገርምም።

እንዴት ይሠራል?

እጀታውን ስንጨብጥ መሪው ላይ ያለው ፖምፓ የፍሬን ዘይቱን በቱቦ ወደ ታች ይገፋዋል። ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ፒስተኑ በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ካሊፐሩ ራሱ በዘንጉ ላይ ትንሽ ዘወር ብሎ የወዲያኛውን ሸራ ይስበዋል።

ታዲያ ስንለቀው ፒስተኑን ማን ይመልሰዋል? ስፕሪንግ እንዳይመስላችሁ፤ ዙሪያውን ያቀፈው ጎሚኒ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮ ይጣመማል፤ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን በጥቂቱ ይዞት ይገባል። ከላይ ፖምፓው ውስጥ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። እጀታው ሲለቀቅ የተረፈው ግፊት ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የሚመለሰው በሷ ነው። እሷ ከተደፈነች፣ ዘይቱ ሞቆ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ፍሬኑ ማንም ሳይነካው ይይዛል።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ

ብዙ ሰው ጎማው ሲያዝ መጀመሪያ የሚፈታው ካሊፐሩን ነው። እኛ በጋዜጠኝነት ትምህርታችን ሳያጣሩ መወንጀል ነውር መሆኑን ተምረናል፤ ለፍሬንም ያው ነው።

በቅድሚያ እጀታው ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይዩ። በዝገት ከተያዘ ቀዳዳዋ እንደተዘጋች ትቀራለች። እሱ ደህና ከሆነ፣ ጎማው እንደተያዘ ከመሬት ያንሱት። ካሊፐሩ ላይ ባለችው አየር ማስወጫ ቀጭን ላስቲክ ሰክተው ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉና በትንሹ ይፍቷት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታፍኗል ማለት ነው። ካልተለቀቀ ችግሩ እዚያው ካሊፐሩ ጋ ነው፤ ወይ ፒስተኑ ተጣብቋል፣ ወይ ዘንጉ ዝጓል።

ግፊት ከታፈነ፣ የት? አየር ማስወጫዋን ዘግተው እንደገና እስኪይዝ ይጨብጡት። አሁን ቱቦውን ከፖምፓው ጋር ያሰረውን ቡሎን በጨርቅ ሸፍነው ላላ ያድርጉት። ጎማው ከተለቀቀ ጥፋተኛው ፖምፓው ነው። ካልተለቀቀ ቱቦው ነው፤ አሮጌ የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን ያሳልፋል እንጂ አይመልስም።

መፍትሔው

ቱቦ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ፖምፓ ከሆነ ተፈቶ ይጸዳል፣ ጎሚኒዎቹ ይቀየራሉ፤ ቀዳዳዋም ሳትሰፋ በቀጭን ሽቦ ትከፈታለች።

ካሊፐር ከሆነ ከዲስኩ ላይ ያውርዱትና እጀታውን እየጨበጡ ፒስተኑን በራሱ በዘይቱ ግፊት ያስወጡት። በኮምፕሬሰር አየር ማስወጣት ጣት ያስቆርጣል። ዝገት የበላውን ፒስተን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ ይቀይሩት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ዝገት ከተከማቸ፣ አዲሱንም ጎሚኒ ከኋላ እየገፋ ፒስተኑን ያስጨንቀዋል። ቦዩ ካልጸዳ አዲስ ዕቃ መግጠም ትርፉ ድካም ነው። ሲገጥሙ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ይቀቡ፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ዘንጉ ግን ሙቀት የሚችል ግራሶ ይፈልጋል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ውኃ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት ዘይቶች ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣሉ። እርጥበቱ ብረቱን ያዝጋል፣ የዘይቱንም መፍያ ያወርዳል፤ ለአዲስ ዶት 4 ዝቅተኛው መፍያ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እርጥበት ሲጠጣ ግን 155 ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቆሞ ቢከርም እንኳ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይበጃል።

ተገጥሞ አየሩ ከወጣ በኋላ፣ ሞተሩ ላይ ከመውጣትዎ በፊት እጀታው እስኪጠነክር ደጋግመው ይጨብጡ፤ ሸራው ከዲስኩ ርቆ ስለሚገኝ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው። ከዚያ ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ፣ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ያሽከርክሩ። እንደ ልቡ ከዞረ ሠፈር ውስጥ ቀስ ብለው ይሞክሩት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በፍሬን ላይ ግን ሲሮጡ የሚፈታው መቀነት ብቻ አይደለም።