ፖሊስ የያዘውን መኪና በጨረታ መግዛት እንዴት ይታያል?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



የዛሬው ጥያቄ እንግሊዝ አገር ከሚማር ወንድማችን የመጣ ነው። እዚያ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና በፖሊስ ይያዛል፤ ባለቤቱ ካልወሰደው ይሸጣል። ዋጋው ረከስ ይላል። ወንድማችን ለሥራ መኪና ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን «ባለቤቱ ሳይወድ የተሸጠ ንብረት ገዝቼ ሐራም ላይ እወድቅ ይሆን?» ብሎ ልቡ አልረጋም። ጉዳዩ የሩቅ አገር ቢመስልም፣ ነገ በጉምሩክ ወይም በባንክ ጨረታ ፊት ስንቆም ይኸው ጥያቄ ይጠብቀናል።

1. ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ስለ አንድ ነገር ሑክም ከመነጋገር በፊት ነገሩን በትክክል ማወቅ ግድ ነው። በብሪታንያ የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ቢያንስ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖር በሕዝብ መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ሕግ ደግሞ ፖሊስ እንዲህ ያለውን መኪና እንዲይዝ ሥልጣን ተሰጠው።

ባለቤቱ መኪናውን ለማስለቀቅ ኢንሹራንስና መንጃ ፈቃድ ያሳያል፤ የማንሻና የማቆያ ክፍያም ይከፍላል። በእንግሊዝ ከ2023 ወዲህ ለአንድ ተራ የቤት መኪና ማንሻው 192 ፓውንድ፣ ማቆያው በቀን 26 ፓውንድ ነው። 14 ቀን ቢቆይ 192 + (14 × 26) = 556 ፓውንድ ይሆናል። መኪናው አሮጌ ከሆነ ይህ ወደ ራሱ ዋጋ ይጠጋል፤ ስለዚህ ትቶት የሚሄድ አለ። ከ14 ቀን በኋላ ሊሸጥ ወይም ሊፈርስ ይችላል።

አንድ ነጥብ ያዙልኝ፦ ከተሸጠ፣ ወጪው ተቀንሶ የተረፈው ገንዘብ የባለቤቱ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ መጥቶ ባለቤትነቱን ካስረዳ ይከፈለዋል።

2. መሠረቱ ፈቃድ ነው

ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 29 የሰውን ገንዘብ በከንቱ መብላትን ከልክላ፣ ንግድ በመዋደድ ላይ እንዲቆም ታዛለች። ከዚህ ተነሥተው ዑለማዎች በግፍ የተወሰደ (መግሱብ) መሆኑን እያወቁ መግዛትን ሐራም ብለዋል። ባለቤቱ ሳይወክለው የሌላን ሰው ንብረት የሚሸጥ ሰውም (ፉዱሊ) ሽያጩ በሐነፊና በማሊኪ መዝሀብ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠብቃል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ በሚታወቀው አቋም ደግሞ ከመነሻው አይጸናም። ስለዚህ የወንድማችን ስጋት መሠረት አለው።

3. በሐቅ ማስገደድ

ይሁን እንጂ ፉቀሃኦች ማስገደድን ለሁለት ይከፍሉታል፦ ያለ ሐቅ እና በሐቅ። የሁለተኛው የታወቀ ምሳሌ ዕዳ ያለበት ሰው ነው። እያለው አልከፍልም ካለ፣ ቃዲው ንብረቱን ሸጦ ለባለ ዕዳዎቹ ይከፍላል፤ ሽያጩም ይጸናል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን ይላሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋ «ይታሰር እንጂ አይሸጥበትም» ከሚለው ወገን ሲሆኑ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ከብዙኃኑ ጋር ናቸው። እንግዲህ ወሳኙ ጥያቄ፣ በመኪናው ባለቤት ላይ የወደቀው ግዴታ ሐቅ ነው ወይስ ግፍ? የሚለው ነው።

4. «ኢንሹራንሱ ራሱ ሐራም ከሆነስ?»

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው። ጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1985 የንግድ ኢንሹራንስን በውስጡ ባለው ገረር ምክንያት ከልክሎ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ኢንሹራንስ አማራጭ አድርጓል። እንደ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ዑለማዎች ደግሞ የንግዱንም ፈቅደዋል።

ነገር ግን የሦስተኛ ወገን ግዴታ ዓላማው የነጂውን ኪስ መጠበቅ አይደለም፤ የተገጨውን ሰው ሐቅ መጠበቅ ነው። የሰው አካል ወይም ንብረት ያጠፋ መካስ እንዳለበት በሸሪዓችን የጸና ነው። ተገጭታ እግሯ የተሰበረ እናት፣ ገጪዋ ባዶ እጁን ከሆነ ካሳዋን ከማን ታገኛለች? በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይህንኑ ግዴታ ጥሏል። ውሉን የማይወድ ሰው እንኳ መኪናውን ማቆም ይችላል፤ ያለ ዋስትና እየነዳ የሰውን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ግን አይችልም።

ንብረትን በመውሰድ መቅጣት (ተዕዚር ቢል-ማል) ላይም ኺላፍ አለ፤ ብዙኃኑ ሲከለክሉት ኢብኑ ተይሚያና ኢብኑል ቀይም ፈቅደዋል። እዚህ ጋ ነው ቅድም ያልኳችሁ ነጥብ የሚጠቅመው፦ ትርፉ ለባለቤቱ የሚመለስ ከሆነ፣ ነገሩ ከውርስ ይልቅ ቃዲው ለዕዳ ወደሚሸጠው ንብረት ይቀርባል።

5. ለገዢው

ከላይ ያሉት ሲገናኙ፣ በሕጋዊ ጨረታ መግዛት ወደ መፈቀዱ ያዘነብላል። ይህም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፦

• ሻጩ በሕግ የተወከለ መሆኑን አረጋግጥ፤ አንድ ሰው ለግሉ የሚሸጥልህ ከሆነ ተወው።
• መኪናው የተሰረቀ ወይም የብድር ዕዳ ያለበት መሆኑን አጣራ። በብድር የተገዛ መኪና የአበዳሪው ንብረት ሊሆን ይችላል።
• ቪ5ሲ የሚባለው የምዝገባ ደብተር የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፤ የጨረታውን ደረሰኝ ያዝ።
• በውስጡ የባለቤቱን ዕቃ ካገኘህ አማና ነው፤ ለጨረታው ቤት መልስ።
• ኢንሹራንስ ሳትገባ እየነዳህ ወደ ቤት አትሂድ። የቀድሞው ባለቤት መኪናውን ያጣው በዚሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ልቡ ያልረጋ ሰው ቢተወው ወረዕ ነው፤ የገዛውን ወንድሙን ግን «ሐራም በላህ» አይበለው። ይህ ጽሑፍ የተማሪ ጥናት እንጂ ፈትዋ አይደለም፤ የራሱ ጉዳይ ያለው ሰው ዓሊም ይጠይቅ።

ለሐለቃ መወያያ፦ ትርፉ ለባለቤቱ ሳይሆን ለመንግሥት ካዝና የሚገባበት ጨረታ ቢሆን፣ መልሳችን ይለወጣል?

አላህ ሐላሉን አብቃቅቶ ከሐራሙ ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።