ለሩጫ ገንዘብ መክፈል ይገባልን?

ባለፈው ዓመት ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ መመዝገቢያ የሚሆን ገንዘብ አባቴን በለመንኳቸው ጊዜ፥ «መንገዱ የመንግሥት፥ እግሩ ያንተ፤ ታዲያ የምትከፍለው ለምኑ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልስ አጣሁ። ይህ ጥያቄ በብዙ ተማሪ ቤት የሚነሣ ስለ ሆነ፥ መርምሬ ያገኘሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆች አቀርባለሁ።

ሩጫን ለመልመድ ክፍያ እንደማያስፈልግ ግልጥ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ የፈጸመው በልምምድ ኃይል ነው። በእንግሊዝ አገርም፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 በለንደን ቡሺ ፓርክ 13 ሰዎች የሮጡት የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ዛሬ ፓርክረን ተብሎ በብዙ አገር በየሳምንቱ ይደረጋል፤ ሯጩ ምንም አይከፍልም፤ የሚያስተናግዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ታዲያ ክፍያው ከየት መጣ? የኒው ዮርክ ማራቶን በ1970 ሲጀመር የተመዘገቡት 127 ሰዎች፥ የመግቢያውም ዋጋ 1 ዶላር ነበረ፤ የፈጸሙት 55 ብቻ ናቸው። የሮጡት ግን ሴንትራል ፓርክን እየዞሩ ነው። በ1976 ሩጫው በከተማው አምስት ክፍሎች ሲያልፍ፥ መንገድ መዝጋት፥ ፖሊስ ማቆም፥ ውኃና አምቡላንስ ማሰናዳት ግድ ሆነ። ይህ ሁሉ በነፃ አይገኝም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የመንገዱ አለካክ ነው። የመኪና ቈጣሪ አይታመንም። ለኪው አስቀድሞ በብረት ሜትር በተለካ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ብስክሌቱን ደጋግሞ ይነዳል፤ በዚህም በፊተኛው ጎማ ላይ የተገጠመችው ቈጣሪ ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደምትቈጥር ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መሥመር፥ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፥ ይከተላል። በመጨረሻም ርቀቱ እንዳያንስ ከሺህ አንድ እጅ ይጨምርበታል፤ ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር መሆኑ ነው። እንግዲህ «10 ኪሎ ሜትር በዚህን ያህል ደቂቃ ሮጥሁ» የሚል ሰው ቃሉ የሚታመነው በዚህ ድካም ነው። (እኔ ወደ እንጦጦ ስሮጥ 10 ኪሎ ሜትር ነው እያልሁ የምኵራራበት መንገድ፥ ቢለካ 8 እንኳ አልሞላም።)

የእኛው ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰዎች ተካፍለዋል፤ ከወንዶች ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበረ። የቀሩት ያን ሁሉ ሕዝብ አጅቦ ለመሮጥ እንጂ ኃይሌን ለመቅደም አልወጡም። ይህን ደስታ ብቻውን የሚሮጥ ሰው አያገኘውም።

ቢሆንም ለካናቴራውና ለሜዳልያው ሲል ብቻ የሚከፍል ሰው ካናቴራ ከሱቅ ቢገዛ ይሻለዋል። ገንዘቡ ከደብተር ወይም ከጫማ መግዣ የሚቀነስ ከሆነም መቅረት ይገባል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ ጉልበትን ይጎዳልና። በእኔ አስተያየት ለተማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ይህን ለአባቴ በነገርኋቸው ጊዜ የገንዘቡን እኩሌታ ሰጡኝ፤ እኩሌታውን የሠፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠንቼ አገኘሁ። በሩጫው ቀን መጨረሻው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስደርስ የጠየቁኝም ስለ ሰዓቱ አልነበረም፤ በመንገድ የጠጣሁት ውኃ ከክፍያው የሚታሰብ እንደ ሆነ ነው።