አፈር መቆፈርና መከመር በጃፓን ፈቃድ የሚጠይቀው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ በጃፓን አፈር ለጊዜው ለመከመር እንኳ ፈቃድ ማውጣት ለምን ግዴታ ሆነ?

መልስ፦ ሐምሌ 3 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በአታሚ ከተማ፣ ከሸለቆ አናት ላይ የተደለደለ የአፈር ሙሌት በከባድ ዝናብ ተንዶ ከታች ባሉ ቤቶች ላይ ወረደ፤ 28 ሰዎች ሞቱ። ሙሌቱ ሲጀመር የተጠየቀው ማሳወቂያ ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን ከተመዘገበው ቁመት እጅግ አልፎ ተገኘ። ማሳወቅ ከፈቃድ ጋር እኩል አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ከዚህ አደጋ በኋላ ወጥቶ ከግንቦት 2023 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለክፍለ ግዛቱ ገዥ፣ በትልልቅ ከተሞች ደግሞ ለከንቲባው ሰጥቷል። በተከለሉ የመኖሪያ አካባቢዎች ቁፋሮ ከ2 ሜትር፣ ሙሌት ከ1 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ዳገት ከፈጠረ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሥራው ከ500 ካሬ ሜትር በላይ መሬት ከነካም እንዲሁ።

ጊዜያዊ ክምርም ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ ስፋቱም ከ300 ካሬ ሜትር ካለፈ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ክምሩ ለጥ ባለ መሬት ላይ ማረፍ አለበት፤ በዙሪያውም ባዶ ቦታ ይተዋል። እስከ 5 ሜትር ለሚደርስ ክምር የክፍት ቦታው ወርድ ከክምሩ ቁመት መብለጥ አለበት፤ ከዚያ ለሚበልጠው ደግሞ ከቁመቱ እጥፍ።

አመልካቹ አስቀድሞ ለጎረቤቶች ያስረዳል፣ የባለመሬቱንም ስምምነት ያቀርባል። ሙሌትን የሚንደው በአብዛኛው ውስጡ የሚጠራቀም ውሃ ስለሆነ የማፍሰሻው ንድፍ በጥብቅ ይመረመራል። ያለፈቃድ የሠራ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 10 ሚሊዮን የን፣ ድርጅት ከሆነ እስከ 300 ሚሊዮን የን ቅጣት ይጠብቀዋል።