ደብተር ተይዞ የሚገባበት ጓሮ

በብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ከአጥር ሥር የተረሳ የአትክልት መደብ አይጠፋም። መስከረም ላይ ክበብ ይቋቋማል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ጥር ሲገባ ውሃ ይጠፋና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣለው በተማሪ ስንፍና ወይም በበጀት እጥረት ላይ ነው። እኔ ግን ችግሩ ከሐሳቡ ይጀምራል ባይ ነኝ፤ ጓሮው ገና ሲጀመር ለምርት ታስቧል። 1,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 100 ካሬ ሜትር ቢያለማ፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው በየጎኑ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራሽ መሬት ነው። ከዚህ ላይ ምሳ አይወጣም፣ ገቢም አይገኝም። ትምህርት ግን ይወጣል፤ ያውም ገበሬው በማሳው ላይ ሊሞክረው የማይደፍረው ዓይነት፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት መደብ ቢበላሽበት የሚራብ ቤተሰብ የለበትም። አዘገጃጀቱ ሁሉ ከዚህ መነሣት አለበት።

መጀመሪያ የሚታየው የቀን መቁጠሪያው ነው። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ተማሪ ቤቱ በሚውልበት ክረምት ስለሆነ፣ የትምህርት ቤት ጓሮ የግድ የበጋ ጓሮ ነው። መሬቱ ከክረምቱ የተረፈ እርጥበት ሳያጣ በመስከረም መጨረሻ ይቆፈርና የመጀመሪያው ተከላ በጥቅምት ይካሄዳል፤ ሁለተኛው ከመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ በየካቲት ይደረግና በልግ የሚጥልበት አካባቢ በዝናቡ ይታገዛል። ቆስጣና ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ስለሚደርሱ ልጆቹ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ያያሉ። በከፍተኛ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ድንችንና ባቄላን ስለሚመታ፣ እዚያ በመጀመሪያው ዙር ብርድ የሚችሉትን ጎመንና ነጭ ሽንኩርት መትከል ይሻላል። ስፋቱን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ከታሰበው ግማሹን ያድርጉት። ለ60 ተማሪ ክፍል ወርዳቸው 1 ሜትር፣ ርዝመታቸው 5 ሜትር የሆነ አራት መደቦች ይበቃሉ። ወርዱ ከ1 ሜትር ከበለጠ የልጅ እጅ ከዳር ሆኖ መሐሉ ስለማይደርስ መደቡ መረገጡ አይቀርም። በመደቦቹ መካከል ግማሽ ሜትር መተላለፊያ ይተው።

ዶማ ከመነሣቱ በፊት ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ለአፈሩ ይሰጥ። ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው በአፈር፣ የቀረው በውሃ ተሞልቶ በደንብ ይናጥና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። አሸዋው ዐይን እያየው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ሸክላው ደግሞ ውሃውን አደፍርሶ አድሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይረጋል። ልጆቹ በማግስቱ ሦስቱን ንብርብር በማስመሪያ ለክተው ድርሻቸውን በመቶኛ ሲያሰሉ፣ መምህሩ ያላሰበው የሒሳብ ትምህርት ተሰጠ ማለት ነው። ሸክላ የበዛበት የግቢ አፈር በበጋ ለምን እንደሚሰነጠቅም ከዚያው ጠርሙስ ይነበባል።

ቀጥሎ ያለው የሥራው እምብርት ነው። ከአራቱ መደቦች ሁለቱ በሚገባ የበሰለ ኮምፖስት ይደረግባቸው፣ ሁለቱ ምንም ሳይነኩ ይቅሩ፤ ዘሩ፣ የመትከያው ቀንና የሚጠጣው ውሃ ግን በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። ክፍሉ በስድስት በስድስት ተማሪ ሲከፈል አሥር ቡድን ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ኮምፖስት ካለው መደብ 1 ሜትር፣ ከሌለው 1 ሜትር ይደርሰዋል። በየሳምንቱ በአንድ ቀን ሦስቱ ልጆች የተክሉን ቁመት ይለካሉ፣ ቅጠሉን ይቆጥራሉ፤ ሦስቱ ይመዘግባሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚሠራው ግራፍ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ ቡድኖቹ ያገኙት ውጤት ሲለያይ የሚነሣው ክርክርም ከሥራው ዋጋ ግማሹ ነው። አንድ ጥግ ላይ ባቄላ፣ በቆላ ደግሞ ቦሎቄ ይዘራ። ሲያብብ አንዱ ተክል ሥሩ ሳይበጣጠስ በጥንቃቄ ተነቅሎ አፈሩ በውሃ ይታጠብ፤ በሥሩ ላይ የተንጠለጠሉት ትንንሽ እብጠቶች በምላጭ ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅን ከአየር እየያዙ ነው። ምላጩን መምህሩ ይያዘው። ገበሬው ከባቄላ ቀጥሎ ስንዴ ወይም ገብስ የሚዘራበት ምክንያት ያኔ ግልጽ ይሆናል።

ውሃው ሲታሰብ ደግሞ በበጋ 1 ካሬ ሜትር አትክልት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይፈልጋል እንበል። ያ ማለት ለአንድ መደብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወይም ትንሽ የሚበልጥ ነው። ይህ ካልተገኘ መፍትሔው ሁለት መደብ ብቻ ማልማት፣ አፈሩን ጭድ ወይም ደረቅ ሣር አጉዝጉዞ ትነቱን መቀነስና ጠዋት ወይም ወደ ማታ ማጠጣት ነው። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ የከተማ ወንዝ መጥለፍ ግን አይገባም፤ በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ በሚለማ አትክልት ላይ የከባድ ብረቶች ብክለት መገኘቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ልጆች ከጓሮ ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ከባዱ የገጠሩ ነው፦ የገበሬ ልጅ ጎመን መትከልን ከትምህርት ቤት ይማራል እንዴ? አይማርም፤ ምናልባት ከመምህሩ ይበልጥ ያውቃል። ነገር ግን አባቱ ከማሳው ግማሹን ያለ ማዳበሪያ ትቶ ልዩነቱን አያሳየውም፤ ሊያሳየውም አይችልም። ትምህርት ቤት ይችላል። እንዲያውም ያ ልጅ የሚያውቀውን ለክፍሉ ያስረዳ፤ በፈተና ውጤት ኋላ የቀረ ተማሪ ጓሮ ላይ ቀዳሚ ሲሆን ማየት ለመምህሩም ትምህርት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ እየቀረበ ማን አፈር ይቆፍራል ይባላል። ጓሮው እንደ ተጨማሪ ሥራ ከታየ እውነት ነው። በሳምንት አንዱ የሳይንስ ወይም የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እዚያ ከተሰጠ ግን ከመርሐ ግብሩ የተነጠቀ ጊዜ የለም። መለካት፣ አማካይ ማውጣት፣ መቶኛ ማስላትና የተክልን ክፍሎች ማወቅ እንደሆነ ያው የፈተናው ጉዳይ ነው። የወላጆች ቅሬታ፣ «ልጄን ለቁፋሮ አልላክሁም» የሚለው፣ መሠረት አለው፤ ያረፈደ ተማሪ መኮትኮቻ ይዞ እንዲቀጣ የሚታዘዝበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሁለት ደንብ ይውጣ። ጓሮው መቼም የቅጣት ቦታ አይሁን፤ ያለ ደብተርም ማንም አይግባ።

ምርቱስ? ትንሽም ቢሆን ይኖራል፤ የማን እንደሆነ ግን ሳይተከል በፊት ይወሰን፤ አለዚያ ጠብ ያመጣል። ከሁሉ የሚሻለው ተማሪዎቹ መዝነው ከመዘገቡት በኋላ ተካፍለው ወደ ቤት ቢወስዱት ነው። ሰኔ ላይ ግቢው ሲዘጋ መደቡን ባዶ መተው አረም ማሳደግ ስለሆነ፣ ለጥበቃው ቤተሰብ በክረምቱ ድንች ወይም ጎመን እንዲያለሙበት ይሰጥ። ከብት እንዳይገባም፣ ሌባ እንዳይደፍረውም እነሱ ይበቁታል። በመስከረም አንድ መደብ ተረክቦ የአፈሩን ጠርሙስ እንደገና መናጥና ውጤቱን ካለፈው ዓመት ደብተር ጋር ማስተያየት የአዲሱ ክፍል የመጀመሪያ ሥራ ይሁን።