ሣር የሚግጠው ጭላዳና የሆዱ ረዳቶች

ላም ሣር ትበላለች፤ ከሣሩም ወተት ይገኛል። ሰው ግን ሣር ቢበላ አይጠግብበትም፤ ጉልበትም አያገኝበትም። ለምን ይሆን? ሣሩ ያው ነው። ልዩነቱ ያለው ሆድ ውስጥ ነው። በዛሬው ንባባችን ይህን ነገር እናያለን።

የሣር ቃጫ ጠንካራ ነው። ላምም ብትሆን ብቻዋን አትችለውም። ቃጫውን የሚሰባብሩላት በሆዷ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። ከነዚህ ብዙዎቹ ባክቴሪያ ይባላሉ። ሊጥ የሚያቦካውን እርሾ አስቡ። በእርሾ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሕያዋን አናያቸውም፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ግን ሥራቸውን እናያለን። በላሟ ሆድ ያሉትም እንዲሁ ሣሩን ያብላሉታል፤ እሷም ከዚያ ጉልበት ታገኛለች። በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ሁሉ፣ እንደነዚህ ያሉ ረዳቶችም አሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ስሜን ተራሮች እንውጣ። በዚያ ጭላዳ አለ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሆኖ እንደ ከብት ሣር እየጋጠ የሚኖር እርሱ ብቻ ነው። ታዲያ እንደ ላም አያመሰኳም፤ ጨጓራውም እንደ ላም አራት ክፍል የለውም። ሣሩን በእጁ እየነጨ፣ በጥርሱ አድቅቆ ይውጠዋል። የቀረውን ሥራ በአንጀቱ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሠሩለታል።

በክረምት ሣር ሲለመልም ጭላዳ ሣር ይበላል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ መሬቱን በጣቱ እየቆፈረ ሥራ ሥር ያወጣል። ተመራማሪዎች የስሜንን ጭላዳዎች ዓይነ ምድር በክረምትም በበጋም እየሰበሰቡ መረመሩ፤ ውጤቱም በ2013 ዓ.ም. ታተመ። በዝናብ ወራት የሣር ቃጫ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በዝተው ተገኙ። በደረቅ ወራት ደግሞ በሥራ ሥር ውስጥ ያለውን፣ እንደ ድንች ዱቄታማ የሆነውን ምግብ የሚሰባብሩት በዙ። ነገሩ እንደ ደቦ ነው። ለአጨዳ ማጭድ የያዘ ይመጣል፤ ለእርሻ ሞፈር የያዘ ይመጣል።

ታዲያ ሁሉን የሚወስነው ምግብ ብቻ ነው ወይ? አይደለም፤ የእንስሳው ተፈጥሮም አለበት። ጉሬዛን ተመልከቱ። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ጨጓራው በክፍል የተከፋፈለ ስለሆነ ቅጠሉ መብላላት የሚጀምረው ገና ጨጓራው ውስጥ ሳለ ነው። በደቡብ አሜሪካ ደኖች የሚኖረው ጯሂ ጦጣም ቅጠል ይበላል፤ እርሱ ግን የሚያብላላው በአንጀቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ከዚህ ወገን የሆኑ 18 ዓይነት የዱር እንስሳትን አነጻጽሯል። ቅጠል በሎቹ በአንዳንድ ነገር ቢመሳሰሉም፣ ከምግቡ ይልቅ ዘራቸውና የአካላቸው አሠራር በሆዳቸው ባክቴሪያ ላይ የበለጠ ኃይል እንዳለው ታወቀ።

ዕድሜም ለውጥ ያመጣል። የጭላዳ ግልገል ጡት ሲጠባ ወተት የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይበዙበታል። ሣር መጋጥ ሲጀምር ቀስ በቀስ ሣር የሚያብላሉት ይተኳቸዋል።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንያዝ። በሆድ ውስጥ ማን ሊኖር እንደሚችል በይበልጥ የሚወስነው የእንስሳው አካል ነው። ከነዋሪዎቹ መካከል በየወቅቱ ማን እንደሚበዛ ግን ምግቡ ይወስናል።

ይህ እውቀት ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? ጭላዳ ምግቡን የሚለውጠው ከወቅቱ ጋር ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ረዳቶቹ ጊዜ ያገኛሉ። በሬያችን ግን ገለባ ሲበላ ከርሞ አንድ ሌሊት አውድማ ገብቶ እህል ቢጠግብስ? በሆዱ የነበሩት ረዳቶች ገለባ የለመዱ ናቸው። አሁን እህል የሚያብላሉት በድንገት ይባዛሉ፤ ኮምጣጣ ነገርም በብዛት ያመነጫሉ። ሆዱ ሲኮመጥጥ ገለባ የሚያብላሉት ያልቃሉ። በሬው ማመስኳት ያቆማል፤ ይደክማል፤ ሊሞትም ይችላል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ሰው «ዓይን በላው» ይላል። የጎዳው ግን በድንገት የጠገበው እህል ነው።

ስለዚህ መኖ ስንለውጥ አንቸኩል። አዲሱን ከለመደው ጋር እየቀላቀልን፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመርን፣ ሁለት ሦስት ሳምንት እናቆየው። አውድማችንን አጥረን እንጠብቅ። እህል ጠግቦ የታመመ ከብት ካለ ሳንውል ሳናድር የእንስሳት ሐኪም እንጥራ። አንድ በሬ ሲሞት ጥማዱ ይፈርሳል፤ ጥማድ ሲፈርስም እርሻ ይቆማል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሰው ሣር በልቶ መኖር ያልቻለው ለምንድን ነው?
2. በክረምትና በበጋ በጭላዳ ሆድ ውስጥ ምን ይለወጣል?
3. ጉሬዛና ጯሂ ጦጣ ሁለቱም ቅጠል ይበላሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. በመንደራችሁ እህል ጠግቦ የታመመ ከብት ታውቃላችሁ? ምን ተደረገለት? ምንስ ቢደረግለት ይሻል ነበር?